ያማረው ስፌት

ጥቅምት 6

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደኅና ነን። መልስ ያዘገየሁት ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም፤ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ለማድረስ ስሯሯጥ ከረምኩ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። እሱም ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም ላልሽው፣ ስልኩ ሲጮህ ቀድሞኝ የሚያነሳው ጋሼሽ ስለሆነ ነው። ጠዋት የሰጠሁትን ኪኒን መዋጡን የማያስታውስ ሰው ያንቺን ድምፅ ጓዳ ሆኖ ይለያል። አጠገቤ ቆሞ "ስጪኝ፣ ስጪኝ" እያለኝ ምን ላወራሽ እችላለሁ?

ከሄድሽ ወዲህ አላቋረጥንም። ማክሰኞና አርብ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ባልሽው ሰዓት። መጀመሪያ በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ቀጥሎ የአሸዋ ከረጢቶቹን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ እግር ማንሳት፣ ከዚያ በእጅ። ከረጢቶቹ ደኅና ናቸው። እኔ የሰፋሁት ጎናቸው እንደነበረ አለ። አንቺ አሸዋውን መዝነሽ አፋቸውን የዘጋሽበትን ግን አሁንም ሳየው ያመኛል። የተሰፋ ቁስል ነው የሚመስለው።

የሚያስቆጥረው ማን ነው ላልሽው፣ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል ግን ያስቆመኛል። "ግራም እንደዚህ አይደለም የምትቆጥረው" ይለኛል። ከአሥራ ሁለት ወደ ታች ነው አሉ። "ጭነት ሲራገፍ ወደ ታች ነው የሚቆጠረው።" ሠላሳ አራት ዓመት መጋዘን በር ላይ ሚዛን ሲያነብ የኖረ ሰው ነውና አልከራከረውም። ካንቺ ጋር አሥራ ሁለት ያነሳ የነበረው ባሌ ከኔ ጋር ዘጠኝ ጊዜ አንስቶ ይደክመዋል።

ቀሚስሽን ረስተሽ ሄደሻል። አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።

እህትሽ


ጥቅምት 19

እትዬ፣

ስለ አቆጣጠሩ ይቅርታ። ምንም ጥበብ የለበትም። እዚህ ሆስፒታል እኔ ክፍል ለእንቅስቃሴ ሕክምና የሚመጡት ሽማግሌዎች ወደ ላይ ሲቆጠርላቸው ማለቂያው ስለማይታያቸው ይሰለቻሉ፤ ወደ ታች ሲሆን ግን መውጫ በሩ ይታያቸዋል። ጋሼ ደግሞ ቁጥር ያስተማረኝ ራሱ ነው። እናታችን ሞታ በስድስት ዓመቴ እናንተ ዘንድ ስመጣ፣ መጋዘን ወስዶ ሚዛኑ ላይ አቆመኝና "ይቺ ልጅ ግራም እንጂ ኪሎ የላትም" አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ግራም ነኝ። አንቺ እንደወደድሽ ቁጠሪለት፤ ይለምደዋል።

ይድናል ወይ ብትዪኝ፣ አይድንም። አንቺን አልዋሽሽም። ሐኪሙም የነገረሽ ይህንኑ ነው፤ የመርሳት ሕመሙ ገና ጅማሮው ላይ ነው፣ ወደ ኋላ ግን አይመለስም። ጡንቻ ሲሠራ አንጎልም ይጠቀማል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቀድሞ የሚነግርሽ ግን የለም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ትንሽ ትንሹን ነው። ቀኑን ይይዛሉ፣ እንቅልፋቸው ይሻላል፣ ከወንበር ራሳቸው ይነሳሉ። ራሱ የሚነሳ ሰው ብዙ ነገር ይቀርለታል።

ክብደቱን ግን ችላ አትበይ። አሥራ ሁለት ጊዜ አንስቶ ካልደከመው ግማሽ ኪሎ ይጨመርለት። ከከበደው ደግሞ ቁጥሩ ይቀነስ እንጂ አሸዋው አይቀነስ። ሥራው ያለው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ላይ ነው፤ ሳይከብድ የተነሳ ነገር እግር ማወዛወዝ ነው።

ወገብሽን አደራ። የጋሼን እናት አራት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ስታነሺ የተጎዳ ወገብ ነው። ከረጢቶቹን እሱ ራሱ ያምጣ፣ እሱ ራሱ ይመልስ።

መደወሉን እቀንሳለሁ። ቀሚሱን ልበሺው።

ግራም


ኅዳር 8

እህቴ፣

ቀሚሱ ለኔ ጠባብ ነው። ታውቂያለሽ።

እሱ እንዴት ነው ብትዪ፣ ደኅና ነው። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ሊገዛ ሄዶ መመለሻው ጠፋበትና ጫማ ጠጋኙ እጁን ይዞ አመጣው። ያው ዕለት ጠዋት ግን ማክሰኞ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ግራም ዛሬ ትመጣለች?" አለኝ። ሄዳለች እኮ አልኩት። ትንሽ አሰበና "እንግዲያው አንቺም ትሆኛለሽ" አለ። አርባ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ ተጠባባቂ ሆኜ ቀረሁ።

ይህን ስጽፍ የምቀና ይመስልሽ ይሆናል። ይምሰልሽ።

ያለፈውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የእጅ ጽሕፈቱ ያንቺ ነው። አናቱ ላይ "ለእትዬ እንዳይነገር" ይላል፤ ተሰምሮበታል። ከሥሩ 46፣ ከእሱ ሥር 78። ከዚያ ማክሰኞ፣ አርብ፣ ማክሰኞ፣ አርብ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ሌላ ነገር የለውም። መልሼ ኪሱ ከተትኩት፤ ኮቱም ሳይታጠብ ቀረ።

ባለፈው ደብዳቤዬ በሆዴ ይዤ አልፌው ነበር፤ አሁን ግን ልጠይቅሽ። በቤቴ፣ ከባሌ ጋር፣ ለኔ የማይነገር ምን ነገር አለሽ?

የተመረቅሽ ቀን የተነሳችሁት ፎቶ እዚህ ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል። አንቺና እሱ። እኔ የት እንደነበርኩ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። የቀሚስሽ ጠርዝ ተተርትሮ ስለነበር መርፌ ልዋስ ሄጄ ነበር። ስመለስ ፎቶ አንሺው ሌሎችን እያነሳ ነው። ቁጥር ያስተማረሽ እሱ ነው፣ እውነት ነው። የደብተር ቦርሳሽን፣ የደንብ ልብስሽን፣ ያንን ቀሚስ የሰፋው ማን እንደሆነ ግን ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም።

እህትሽ


ኅዳር 21

እትዬ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ስለ ፎቶው ልክ ነሽ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁም። ሃምሳ አንድ ሞልቶኝ ይቅርታ ብልሽ ምን እንደሚረባሽ አላውቅም። ቢሆንም ይቅርታ።

የወረቀቱን ነገር ልነግርሽ አልችልም። የጻፍኩት እኔ፣ የተናገረው እሱ ነው። አደራ ብሎኛል። የሚረሳ ሰው አደራ ነው ብዬ እንዳሻኝ ላደርገው አልችልም፤ እንዲያውም በዚያው ምክንያት ይከብደኛል። ምንም ክፉ ነገር የለበትም። ራሱን ጠይቂው። ጠዋት ላይ፣ ቀስ ብለሽ፣ ሳትቆጪ።

የኔን ኑሮ ልንገርሽ። ምን አለኝ? ጠዋት ክፍሉን እከፍታለሁ፣ ወንበሮቹን ግድግዳ አስደግፋለሁ፣ አሥር ሽማግሌና አሮጊት ይመጣሉ። ጡረታ የወጣ ዳኛ አለ፤ ትናንት ያነሳውን ዛሬ ይክዳል። ደብተሩን ሳሳየው "ፊርማዬ የታለ?" ይለኛል። ስቀን እንለያያለን። ከዚያ ቤቴ እገባለሁ። ስልኬ ሲጮህ ቀድሞኝ የሚያነሳ ሰው የለም።

አንቺ በኔ መቅናትሽ ያስቀኛል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አላሳቀኝም። ሦስት ሳምንት እናንተ ዘንድ ስቆይ፣ ገበታ ላይ ጋሼ ቀና ሲል፣ ገና ሳይናገር ጨው ስታቀብዪው አየሁ። እኔ ጨው ስፈልግ ተነስቼ ነው የማመጣው።

ግራም


ታኅሣሥ 16

እህቴ፣

ደኅና ነን፤ በጣም ደኅና ነን። ወረቀቱን አልጠየቅሁትም። መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ስንት ደረሰ ብትዪ፣ ሃያ ሁለት። ያለፈው አርብ ደግሞ ሠላሳ። በባለሁለት ኪሎው ከረጢት ነው። ወደ ላይ ነው የምቆጥርለት፤ ከሠላሳ ወደ ታች ስቆጥር ማን ይጠብቀኛል? ላቡ እንኳ ጠብ አይልም። "ካንቺ ጋር ይቀለኛል" አለኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ። "ግራም አሥራ ሁለት ላይ ነበር የምታቆመኝ" አለ።

ስለዚህ በስልክ በጥር እመጣለሁ ያልሽው ይቅርብሽ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራም አለብሽ፣ ዳኛውም ይከስሻል። ቁጥሩን እንድጽፍበት የተውሽልኝን ደብተር በየጊዜው እየሞላሁት ነው። አንድ ቀን አይተሽ ትገረሚያለሽ።

እሱ ሰላም ብሎሻል። ሰላም በላት ያልኩት እኔ ነኝ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 26

እትዬ፣

ደስ ብሎኛል። እዚህ ላይ ላቆም ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ይህንን ሥራ ሠርቻለሁ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ በሁለት ወር ከዘጠኝ ወደ ሠላሳ፣ በዚያው ክብደት፣ ላብ እንኳ ጠብ ሳይለው? የኔ ዳኛም እንዲህ ያለ ቃል አይሰጥም።

ምናልባት ከረጢቱ ተቀዶ አሸዋው እየፈሰሰ ይሆናል። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ስፌቴን ታውቂዋለሽ። ወለሉ ላይ አሸዋ አይተሻል? ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ወስደሽ አስመዝኚውና ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።

ሌላም ልጠይቅሽ። ከወንበር በእጁ ሳይደገፍ ስንት ጊዜ ይነሳል? ደብዳቤሽ ሁሉ ስለ እግር ማንሳት ብቻ ነው። የወንበሩን ቁጥር ነው አጥብቄ የምፈልገው። እዚያ የሚያነሳው ራሱን ነው፤ ራሱ ደግሞ አይጎድልም።

መምጣቴን አልተውኩም። ቀኑን አንቺ ወስኚልኝ።

ግራም


ጥር 10

እህቴ፣

ወለሉ ላይ አሸዋ የለም። ሱቁ ዝግ ነው፤ ባለሱቁ ታሟል።

ተኝቼ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢወላገድ ይቅር በይኝ። ወገቤን ትንሽ ይዞኛል። የሚያሳስብ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ድንገት ያዘኝ፤ ሐኪሙ ለአንድ ወር ጎንበስ እንዳልል ከልክሎኛል። ስፌት መኪናው ላይ መቀመጥም አልችል። የደንብ ልብሱን ሥራ ለጎረቤታችን ሰጠኋት፤ ኪሱን አጣማ ትሰፋዋለች፣ እኔም ከአልጋዬ ሆኜ እያየሁ ዝም እላለሁ። ሾርባ የሚሠራው እሱ ነው። ጨው መጨመሩን እየረሳ ሁለት ጊዜ ይጨምራል። እበላዋለሁ።

የወንበሩን ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ማክሰኞና አርብን ለጊዜው ትተነዋል። እሱም አልጠየቀኝ።

አትምጪ። እንዲህ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈልግም።

እህትሽ


ጥር 16

እትዬ፣

ስለ ወገብሽ ይህን ሁሉ ጽፈሽ ምን እንዳነሳሽ አልጻፍሽም። ያነሳሽው እሱን ነው። ወድቆ ይሁን ወይ ተቀምጦ መነሳት አቅቶት፣ ብቻሽን አነሳሽው። ከተሳሳትኩ ንገሪኝ።

ካልተሳሳትኩ ግን አደራውን እበላለሁ። እሱን ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

46 እናቱ ናቸው። በመጨረሻው ዓመት መዝኗቸው ነበር። 78 ራሱ ነው። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ አንቺ ክር ልትገዢ ወጥተሽ ሳለ፣ እንዲህ አለኝ።

"እናቴ አርባ ስድስት ኪሎ ነበረች። አርባ ስድስቱ የእህትሽን ወገብ ሰበረው። እኔ ሰባ ስምንት ነኝ። ጭነት እንዳልሆንባት ምን ላድርግ?"

ከወንበር በራስህ መነሳት እስከቻልክ ድረስ የሚያነሳህ አያስፈልግህም አልኩት። ጻፊልኝ አለኝ፤ ለምን እንደምደክም ስረሳ እንዳነበው። ለእሷ ግን እንዳይነገር፤ ከሰማች ዛሬውኑ ልትሸከመኝ ትነሳለች አለኝ። አስምሪበትም ያለኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው በሙሉ አንቺ ነሽ። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስጽፍም ቀንቼብሽ ነበር።

ግራም


የካቲት 2

ግራም፣

ወለሉ ላይ አሸዋ የለም ያልኩሽ እውነት ነው። አሸዋው መስኮት ሥር ባለችው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጀመርኩ። ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ፣ የከረጢቱን አፍ ተርትሬ አንድ የሻይ ብርጭቆ አሸዋ አወጣሁ። እንዲሰንፍ ብዬ አይደለም። ዘጠኝ ላይ ሲደክመው በር በሩን ያያል፤ አንቺን የሚጠብቅ ይመስለኛል። በኔ ቆጠራ አሥራ ሦስት ቢያነሳ ብዬ ነበር፤ ካንቺ በአንድ ብበልጥ ይበቃኝ ነበር። አሥራ ስድስት አነሳ። በሳምንቱ አንድ ብርጭቆ ጨመርኩ፤ ቀነስኩ ማለቴ ነው። የወንበሩን ነገር ተውነው፤ እሱ ላይ ቁጥሩ አላድግ አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እኔ ነኝ።

ስለ ሐሙሱ ያልሽው ልክ ነው። መታጠቢያ ቤት በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሲታጠብ መነሳት አቃተው። ሁለት ጊዜ ሞከረ። "ጎረቤት ጥሪ" አለኝ። አልጠራሁም፤ ባሌን ራቁቱን ማን እንዲያይብኝ? በብብቱ ገብቼ አነሳሁት። ወገቤ ቀጭ ሲል እሱም ሰማ። ፎጣውን ይዞ ግድግዳውን እያየ ቆመ።

ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ሙሉ ደጋግሜ አነበብኩት። ማክሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባለሁለት ኪሎውን ከረጢት ይዟል። መጋዘን በር ላይ ያደርግ እንደነበረው በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው።

"ዘጠኝ መቶ" አለ። "ቢበዛ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ።"

የግራም ስፌት አይጠብቅም፣ ፈሶ ይሆናል አልኩት። ጥፋቴን ላንቺ ላላክክ ነበር፤ ይህንንም እወቂልኝ።

የከረጢቱን አፍ አገላብጦ አየው። በአውራ ጣቱም ዳሰሰው።

"የግራምን ስፌት አውቀዋለሁ፤ ያስጠላል። ይሄ ያምራል።"

አየሽ፣ የተያዝኩት በዚህ ነው። በተረተርኩት ቁጥር አንቺ የዘጋሽው እንዲመስል አጣምሜ መስፋት ነበረብኝ። ሞክሬ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

መቼ አወቅህ አልኩት።

"ማክሰኞ አውቀዋለሁ፣ ረቡዕ እረሳዋለሁ። አርብ ሳነሳው እጄ እንደገና ይነግረኛል።"

ታዲያ ለምን ዝም አልክ?

"ሠላሳ ስትይ ደስ ይልሽ ነበር" አለኝ። ቀጥሎ ኪኒኑን ውጦ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልዋጠም ነበር።

አሸዋውን ከማሰሮዋ ቆፍሮ ያወጣው ራሱ ነው። እኔ ጎንበስ ማለት ስለማልችል የከረጢቱን አፍ ከፍቼ ያዝኩለት፤ እሱ በብርጭቆ እየጨመረ በእጁ መዘነ። ሲበቃው በቃ አለኝ፣ ዘጋሁት። ትናንት ሱቁ ተከፍቶ ወስዶ አስመዘነው። ሁለት ኪሎ ከአሥር ግራም። አሥሯ የአበባው አፈር ናት አለ። አብሬው ሄጄ ነበር፤ መንገዱን የመራሁት እኔ፣ ከረጢቱን የያዘው እሱ ነው።

ዛሬ አርብ ነው። ከአሥራ ሁለት ወደ ታች ቆጠርኩለት። ስድስት ላይ ደከመው፤ ሰባት ጊዜ አነሳ ማለት ነው። ከወንበር ሁለት ጊዜ ተነሳ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ እጄን ዘረጋሁ፤ "ተይ" አለኝ። ተውኩት። ብዙ ቆይቶ ተነሳ። ደብተሩ ላይ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ሦስት። የታኅሣሥን ገጾች አልቀደድኳቸውም፤ ሰርዤ ከጎናቸው "ውሸት፣ የኔ" ብያለሁ። ስትመጪ ታያቸዋለሽ።

ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ለእትዬ እንዳይነገር ይላልና ማወቄን አልነገርኩትም። ኮቱን ግን አጥቤዋለሁ፤ ወረቀቱን አውጥቼ፣ ሲደርቅ መልሼ።

ቀኑን ወስኚልኝ ላልሽው፣ ከፋሲካ በፊት ብትመጪ ደስ ይለኛል ብዬ አላራዝምብሽም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነይ። ፎቶ ቤት እንሄዳለን፣ ሦስታችንም። መሐል የምቆመው እኔ ነኝ። በትርፍ ጊዜሽ ደግሞ የከረጢት አፍ እንዴት እንደሚዘጋ አስተምርሻለሁ፤ በዚህ ዕድሜሽ ያሳፍራል።

ሰኞ ትመለሻለሽ። ማክሰኞ የማስቆጥረው እኔ ነኝ።

እህትሽ